ለውድድር የተያዘ ችግር

በ2094 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ቁርስ የሚበላው ከዘጠና ሰከንድ በኋላ ነበር። ተማሪው በመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ወለሉ ላይ የተቀባው ክብ ውስጥ ይቆማል፤ ሐሳቡን ያቀርባል፤ በሩ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡም የት እንደሚሰለፍ ይወስንለታል። በአንደኛው ሰልፍ እንቁላልና ወተት፣ በሁለተኛው ፍርፍር፣ በሦስተኛው ዳቦና ሻይ ይሰጣል። መዲና ሙሄ ስድስት ዓመት ሙሉ የተሰለፈችው ሦስተኛው ላይ ነው። ሐሳብ አጥታ አይደለም። ክቡ ውስጥ ስትገባ ዓይኗ ጫማዋ ላይ ይተከላል፤ በሩም በትሕትና «በራስ መተማመን፦ ሁለት ከአሥር» ይላታል። ዳቦውን ለምዳዋለች። ሦስተኛው ሰልፍ ላይ ቢያንስ ማንም ለማንም ሐሳቡን አይሸጥም።

ትምህርቱ አራት ዓመት ነው። እሷ ግን መጀመሪያ በገባች በሁለተኛው ዓመት ወድቃ እንደገና ከሀ ጀምራለች። ደንቡ ሁለት ጊዜ ይፈቅዳል፤ ሦስተኛ የለም። የፈጠራ ማረጋገጫ የሌለው ሰው ደግሞ በመንግሥት ቤትም ሆነ በግል አይቀጠርም። መዲና የምትመኘው ሐይቅ ከተማ፣ የተማረችበት ትምህርት ቤት ተመልሳ ሒሳብ ማስተማር ነበር። ይህን ምኞቷን በር ላይ አቅርባው አታውቅም። አዲስነት የለውም።

ነገሩ ሲጀመር ክፉ አልነበረም ይባላል። በአያቶቿ ዘመን ሥራ ፈጣሪ ተማሪዎችን የሚደግፍ ውድድር በዓመት አንድ ጊዜ ይካሄድ ነበር፤ ያሸነፈው ሥልጠናና መነሻ ገንዘብ ያገኛል፣ የተሸነፈው ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በኋላ አንድ ብልህ ሰው ጥያቄ አነሣ። ችግሮቻችንን ተማሪዎች በውድድር የሚፈቱልን ከሆነ ለጠጋኝ ለምን እንከፍላለን? መልስ የሰጠው አልነበረም። የመንገድ ጥገናው ቢሮ ተዘጋ፤ የመብራቱ ተከተለው፤ የውሃው ተከተለ። ከዚያ ወዲህ በከተማው የተሰበረ ነገር ሁሉ በችግር መዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ለተማሪም ይመደባል። የተመደበ ችግር ላይ ቢጫ ካርድ ይንጠለጠላል፦ «ይህ ችግር ለውድድር ተይዟል። መጠገንም ሆነ ማስጠገን ክልክል ነው።» ምክንያቱም በደንቡ መግቢያ ላይ ተጽፏል። ተማሪ አራት ዓመት የሚለፋበትን ችግር አንድ ቧንቧ ሠራተኛ በአንድ ከሰዓት እንዳያበላሽበት ነው።

የመዲና ችግር ቁጥር 41-708 ነበር፦ የላይ ቦኖ ሰፈር የውሃ እጥረት።

ላይ ቦኖ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጀርባ፣ ተዳፋቱ ላይ ያለ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው መካከሉ ላይ ካለው የሕዝብ ቦኖ ነው። ቦኖው ሁለት ቧንቧ አለው፤ አንዱ ደርቋል፣ ሌላው እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ያወርዳል። አንድ ጀሪካን ለመሙላት ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሰው ስለማይችለው ጀሪካኖቹ ብቻቸውን ይሰለፋሉ፣ ባለቤቶቻቸው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ።

መዲና መጀመሪያ የወረደች ዕለት ጥላው ሥር የነበሩት ሴቶች ከሩቅ አዩዋት።

«ፈጣሪዎቹ መጡ!» አለች ሉባባ የምትባል፣ ሕፃን የታቀፈች ወጣት።

«አስተግፊሩላህ በይ! ፈጣሪ አንድ ነው» አሏት የወረፋው ኃላፊ እትዬ ጦይባ።

«እሱማ አንድ ነው። እነዚህ ናቸው የበዙብን።»

ተሳሳቁ። መዲና ደብተሯን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆመች። እትዬ ጦይባ ስልሳ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ዓይናቸው ግን ከጀሪካን የማይነቀል ሴት ነበሩ። አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ በእጃቸው ጠረግ አደረጉላት።

«ቁጭ በይ። ርኅራኄ ነሽ ወይስ ናሙና?»

የመጀመሪያው ዓመት ተማሪ ለአርባ ሰዓት «የርኅራኄ ቃለ መጠይቅ» ያደርጋል፤ ናሙና የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሰፈሩ ከተማሪው ይልቅ ያውቀዋል።

«ርኅራኄ» አለች መዲና።

«እንዴት ያለውን ትፈልጊያለሽ? በለቅሶ ነው ደረቁን?»

«እ… ደረቁን።»

«በለቅሶው ነጥቡ ይበልጣል።»

«ደረቁን ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ከእሷ በፊት የመጡትን ቆጠሩላት። የመጀመሪያው ልጅ ውሃ በሌለ ሰዓት «ውሃ የለም» ብሎ በስልክ የሚነግር ነገር ሠራ። ሁለተኛዋ ተራራው ላይ መረብ ሰቅላ ጭጋግ ልታልብ ነበር፤ መረቡን ዝንጀሮ ወሰደው። ሌላው የሚናገር ጀሪካን ይዞ መጣ።

«‹ባዶ ነኝ› ይላል» አሉ። «ባዶነቱን እኔም አውቃለሁ። ሲሞላ ደግሞ ጀርባዬ ይነግረኛል።»

«ባይሆን በአገር አቀፍ ሁለተኛ ወጥቷል» አለች ሉባባ። «ከጀሪካኑ ጋር ፎቶ ተነሥተናል። እኔን በግራ በኩል አድርገው ቆረጡኝ።»

መዲና ሳቀች፤ ሳቋን ግን በመዳፏ ሸፈነችው። ዓይኗ ከቦኖው ጀርባ ወዳለው የፓምፕ ቤት ሄደ። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ተዳፋቱ በሙሉ እንደ ዳቦ ሊጥ ገርጥቷል። ከፓምፑ ቤት ግድግዳ ሥር ግን አንድ ጭራ የምታህል መስመር ለምልማ ወደ ገደሉ ትወርዳለች።

«እትዬ፣ ያ ሣር ለምን ለመለመ?»

እትዬ ጦይባ ወደ ሣሩ ዞሩ። «ዘጠኝ ተማሪ መጥቷል» አሉ። «ያንን የጠየቅሽ አንቺ ነሽ።»

ሟች ባለቤታቸው የውሃ ቢሮ ሠራተኛ ነበር። ፓምፑና ዋናው ቧንቧ በሚገናኙበት ቦታ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል፣ ውሃ እንዳያፈተልክ የሚገባ ክብ ላስቲክ አለ፤ ጓርኒሲዮን ይሉታል። ስፋቱ መዳፍ አይሞላም። ሟች በየሁለት ዓመቱ ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ እየቀደደ ይቀይረው ነበር። ቢሮው ሲዘጋ ሥራውን አስረከበ። ጓርኒሲዮኑ ሲያልቅ ሄዶ ሊቀይር አሰበ፤ ሲደርስ ካርዱ ተንጠልጥሏል።

«እጁን እያሳከከው ሞተ» አሉ።

መዲና ይህን በቃለ መጠይቁ ቅጽ ላይ የምትሞላበት ቦታ ፈለገች። ቅጹ «ተጠቃሚዋ ምን ተሰማት?» የሚል ረድፍ ነበረው፤ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» የሚል ግን አልነበረውም። «ሐዘን» ብላ ጽፋ አለፈችው። ለዚህ እስከ ዛሬ ራሷን አልማረችም።

ሦስት ዓመት አለፈ። አማካሪዋ የመረጠላት ሐሳብ «የወረፋ መብራት» የሚባል ነበር፤ ወረፋው ሲያጥር አረንጓዴ፣ ሲረዝም ቀይ የሚሆን። በናሙናው አለፈች፣ በሙከራው አለፈች፤ ነጥቧ ዝቅተኛ ቢሆንም ማለፍ አለፈች። በአራተኛው ዓመት ሚያዝያ መብራቱ ቦኖው ላይ ተተከለ። በተተከለ በሰዓቱ ቀይ ሆነ። አሥራ አንድ ቀን ቀይ እንደሆነ ቆየ።

«መዲናዬ» አለቻት ሉባባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፤ የያኔው ሕፃን አሁን ቀሚሷን ይዞ ቆሟል። «ቀይ መሆኑን ነገርሽን። እሺ፣ ከዚያስ?»

ስድብ አልነበረም፤ እውነቷን ነበር የጠየቀችው። መዲና በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ሳትቆም፣ ቁርስም ሳትበላ ወረደችና እትዬ ጦይባን «የሟች ዕቃ አለ?» አለቻቸው።

ዕቃው በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፦ ሁለት የብሎን መፍቻ፣ ፒንሳ፣ መቀስ፣ የተጠቀለለ ላስቲክ። ካርዱን ፈትታ ለሉባባ አስያዘቻት። ስድስት ብሎኖች ነበሩ፤ አራቱ በቀላሉ ወጡ፣ ሁለቱ ዝገው ስለነበር ዘይት አንጠባጥበው ጠበቁ። እትዬ ጦይባ በጉልበታቸው ተንበርክከው በአሮጌው ልክ አዲሱን ቀደዱ። መዲና በዩኒቨርሲቲው ስድስት ዓመት ስትቆይ እጇ ዘይት ሲነካ የመጀመሪያዋ ነው። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ።

ቧንቧው መጀመሪያ አሳለ። ከዚያ ቡናማ ውሃ ተፋ። ከዚያ ጠርቶ እንደ ክንድ ወፍሮ መጣ፤ ደርቆ የነበረው ሁለተኛው ቧንቧም ተከተለ። ሉባባ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እትዬ ጦይባ በእጃቸው ከደኑት።

«ዝም! እልል ካልሽ ላይኛዎቹ ይሰማሉ።»

ስለዚህ ላይ ቦኖ ያለ ድምፅ ተደሰተ። ሴቶቹ እየተቃቀፉ ዓይን ለዓይን ብቻ ይሳሳቁ ነበር። አንዷ በልብሷ ቧንቧው ሥር ገብታ ቆመች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰልፍ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ያ መብራት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አረንጓዴ ሆነ።

መዲና ዝም ብትል ኖሮ ምናልባት ማንም አያውቅም ነበር። ግን የሒሳብ ሰው ናት፤ ውጤቱ ከተገኘ መጻፍ አለበት ብላ አሰበች። በዚያው ሳምንት የሂደት ሪፖርቷን ከፈተች። ምርጫዎቹ አራት ነበሩ፦ ሐሳብ፣ ናሙና፣ ሙከራ፣ ማስፋፋት። «ተፈቷል» የሚል የለም። «ተጨማሪ አስተያየት» የሚለው ሳጥን ውስጥ እንዲህ ጻፈች፦ «ጓርኒሲዮኑ ተቀይሯል። ውሃ አለ።»

ከሰዓት በኋላ ተጠራች።

የውድድሩ አስተባባሪ አቶ ይድነቃቸው ቁጣ የማያውቅ ሰው ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ውሃ በብርጭቆ ቀዳላት፣ ሪፖርቷንም ሁለት ጊዜ አነበበ።

«እህቴ፣ ፈጠራው የቱ ጋ ነው?»

«ፈጠራ የለውም። ላስቲኩ አልቆ ነበር፣ ቀየርነው።»

«ስለዚህ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሰው የክፉ በሽታ ስም ሲጠራ እንደሚያደርገው። «ጥገና ነው።»

«አዎ፣ ጥገና ነው።»

«አየሽ፣ ከባዱ ነገር ይኼ ነው። በ41-708 ላይ የምትሠሪው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ቡድኖች አሉ፤ አንዱ ለፍጻሜው አልፏል። በአሥር ቀን ውስጥ ዳኞቹና ደጋፊ ድርጅቶቹ ለችግር ጉብኝት ይመጣሉ። አውቶቡሱን ወዴት ልውሰደው? ውሃ የሚፈስበት ቦታ ወስጄ ምን ላሳያቸው?»

«ውሃውን» አለች መዲና።

በትዕግሥት ፈገግ አለ። «ቀልደኛ ነሽ ለካ። ስሚኝ፣ እኔ ያንቺን መባረር አልፈልግም። ችግሩ ወደ ተመዘገበበት ይዞታ ይመለስ። ካርዱን የፈታሽው አንቺ ስለሆንሽ የምትመልሺውም አንቺ ነሽ። ያን ካደረግሽ በመብራትሽ ትወዳደሪያለሽ፣ ማረጋገጫሽንም ትወስጃለሽ። ካላደረግሽ ስምሽ ዛሬ ይሰረዛል። እኔ አይደለሁም፤ ደንቡ ነው።»

«ሰዎቹስ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የሚጠጡት።»

«ተጠቃሚዎቹ ናቸው? እነሱማ ለምደውታል» አለ፤ ደግ ሰው ነበርና ይህንንም በደግነት አለው።

መዲና ወረደች። ቦኖው ጋ ልጆች ይራጫሉ፤ ይህ በሰፈሩ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው። ለእትዬ ጦይባ የምትነግርበትን ቃል መንገድ ላይ ስታዘጋጅ መጥታ ነበር፤ ሲያዩዋት ጠፋት። አሮጊቷ ግን ከፊቷ አነበቡት።

«አውጪ አሉሽ?»

«አዎ።»

«ካላወጣሽ ያባርሩሻል?»

«አዎ።»

እትዬ ጦይባ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና የብስኩቱን ቆርቆሮ አመጡ። «አውጪው፣ ልጄ። እኛ አልሞትንም፤ ሰባት ቀን ጠጥተናል፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺ ተመረቂ። የሰው ልጅ ስድስት ዓመት በከንቱ አይቅር።»

ሉባባ ግን ፊቷን አዞረች። «እኛስ አሥራ ምናምን ዓመት በከንቱ?» አለች ለማንም ሳይሆን።

የጮኸባትም፣ የለመናትም አልነበረም። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። መዲና ስድስቱን ብሎኖች በገዛ እጇ ፈታች፣ ዛሬ የተቀደደ ይመስል ጥቁርነቱ የሚያበራውን ላስቲክ አወጣች፣ ኪሷ ከተተችው። ቧንቧው እንደገና አሳለና ክር ሆነ። ካርዱን መልሳ ሰቀለችው። ያን ዕለት ከፍርሃትም ከኀፍረትም ሌላ የሆነ ስሜት ደረቷ ውስጥ ገባ፤ ስሙን ያወቀችው ማታ አልጋዋ ላይ ነው። ቁጣ ነበር። ለካ ድምፅ የሌለውም ሰው ይቆጣል።

የጉብኝቱ ዕለት አውቶቡሱ በሦስት ሰዓት ደረሰ። እንግዶቹ ክር የመሰለችውን ውሃ እየተፈራረቁ ነኩ። ከእንግዶቹ አንዷ ባዶ ጀሪካን ጀርባዋ ላይ አሳዝላ ፎቶ ተነሣች። እትዬ ጦይባ በለቅሶው ተናገሩ፤ አቶ ይድነቃቸው ደረቁን አልፈለገም። ከሰዓት ሁሉም ወደ አዳራሹ ወጡ።

መዲና አምስተኛ ተጠራች። መድረኩ ላይም ክብ አለ። ዘጠናው ሰከንድ መቁጠር ጀመረ። መብራቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አልነካችውም። ከኪሷ ላስቲኩን አወጣች።

«የላይ ቦኖ ችግር ይህን ያህላል» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ አዳራሹ ለመስማት ወደ ፊት ዘንበል አለ። «ዛሬ ጠዋት ያያችሁት ጥማት የተፈጥሮ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ውሃ ነበር። እኔ አደረቅሁት፣ ለእናንተ እንዲደርስ። አሥራ አራት ዓመት ሰው የተጠማው መፍትሔ ጠፍቶ አይደለም። መፍትሔው ለውድድር ስለማይመች ነው። አፍሬያለሁ። እናንተም ብታፍሩ ጥሩ ነው።»

ሃምሳ ሰከንድ ቀርቷት ነበር። ላስቲኩን እንደያዘች ቆመች።

አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ።

መጀመሪያ የገባቸው መስሏት ነበር። ከዚያ የመካከለኛዋን ዳኛ ፊት አየች፤ እንባ አቅርራለች፣ እየጻፈች ነው። «ድንቅ አቀራረብ» አለች ዳኛዋ። «አራት ዓመት በዳኝነት እንዲህ ያለ ቅንነት አልሰማሁም። ይህን ታሪክ ለማስፋፋት ምን ድጋፍ ትፈልጊያለሽ?»

«ካርዱ ይነሣ።»

«አይ፣ ለአንቺ ማለቴ ነው። ለአንቺ ምን እናድርግልሽ?»

«የብሎን መፍቻ አለኝ» አለች መዲና። «ካርዱ ይነሣ።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሳቁ የፍቅር ነበር። ለቀልዱ ነጥብ ተጨመረላት። ግድግዳው ላይ «በራስ መተማመን፦ ዘጠኝ ከአሥር» የሚል ወጣ። አቶ ይድነቃቸው ማይክሮፎኑን ወሰደና ደጋፊዎቹ እዚያው ተመካክረው መወሰናቸውን በደስታ አበሰረ፤ ላይ ቦኖ ለመዲና ታሪክ ማስተማሪያ እንዲሆን፣ ጓርኒሲዮኑ በመስታወት ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ችግሩም ለተጨማሪ አምስት ዓመት ተይዞ እንዲቆይ። አጨበጨቡ።

መዲና ከመድረኩ በጎን በኩል ወረደች። የሽንት ቤቱን አቅጣጫ የያዘች መስሏቸው አሳለፏት። በጓሮው በር ወጣች፣ በአጥሩ ክፍተት ሾለከች፣ ተዳፋቱን እየሮጠች ወረደች። ላስቲኩ እጇ ውስጥ ነበር።

እትዬ ጦይባ የብስኩቱን ቆርቆሮ አነሡ። ሉባባ ካርዱን ቀድማ በጥርሷ በጠሰችው፤ ለሁለት ቀደደችና ገደሉ ውስጥ ጣለችው። ሦስቱም ፓምፑ ቤት ገብተው ተንበረከኩ።

መዲና አራተኛውን ብሎን እያሰረች ሳለ የዩኒቨርሲቲው ድምፅ ማጉያ ከላይ ተሰማ። የአንደኛነት ማረጋገጫና ሽልማት እንድትቀበል ተወዳዳሪ መዲና ሙሄ ወደ መድረክ ተጠራች። ደንቡን የሰፈሩ ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል፤ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልወጣ ራሱን እንዳገለለ ይቆጠራል፣ ማረጋገጫ የለውም።

«ሁለተኛ ጥሪ፣ መዲና ሙሄ!»

ከውጭ ጀሪካኖች ሲንኳኩ ይሰማል። ሴቶቹ በሩ ላይ ተሰብስበዋል።

«ስምሽን እየጠሩ ነው እኮ» አሉ እትዬ ጦይባ። «ከሮጥሽ ትደርሻለሽ። ቀሪውን እኛ እናስረዋለን።»

መዲና ላቧን በክንዷ ጠረገች። እጇን ዘረጋች እንጂ ቀና አላለችም።

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ» አለች። «ያቺን ብሎን ያቀብሉኝ።»